ልጄ ካፒቴን ነው፤ አየር መንገዱ ግን ተሸጠ

የአንባቢያን የጉዞ ጥያቄዎች፣ ከጎንደር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የአየር መንገዶችን መዋሃድ። ፒያሳ ላይ ትኬት ስቆርጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም አልነበረም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የተፈረመ ስምምነት አዘዞ ላይ የተጀመረ ቤት ያስቆማል። የመጀመሪያዋን ጠያቂ ጭንቀት አይቼ መልሱን አስረዝሜዋለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ አይከፉብኝም።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? አንቱ የበረራ ነገር ያውቃሉ ብለው ነግረውኝ ነው የጻፍኩ። ልጄ አሜሪካ አገር በአንድ አነስተኛ አየር መንገድ ካፒቴን ነው። ያደገው እዚሁ አዘዞ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ እያየ ነው። አሁን አየር መንገዱን አንድ ትልቅ ኩባንያ ገዝቶታል አሉ። ስደውልለት «ደህና ነኝ እማ፣ ዝርዝሩ እስኪወጣ ነው» ይለኛል እንጂ አይነግረኝም። የምን ዝርዝር ነው? ከካፒቴንነቱ ያወርዱታል? እሱ በሚልከው ገንዘብ ቤት ጀምረን ግድግዳው አልቆ ጣሪያ ላይ ደርሰናል፤ ላቁመው ወይ? ለጥምቀትም ይመጣልኝ ነበር፤ እንግዲህ ፈቃድ ይሰጡት ይሆን? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅዎ የሚጠብቀው የሲኒየሪቲ ዝርዝር የሚባለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ አብራሪ ሲቀጠር ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኑሮው በዚያ ቁጥር ላይ ይቆማል። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ በግራው የካፒቴን ወንበር ወይስ በቀኙ የረዳት ወንበር እንደሚቀመጥ፣ ከየትኛው ከተማ እንደሚነሳ፣ በወሩ ውስጥ የትኞቹን ቀኖች እንደሚያርፍ፣ የዓመት ፈቃዱን መቼ እንደሚወስድ የሚወሰነው ከሱ በላይ ስንት ሰው እንዳለ ታይቶ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቅነሳው ከታች ይጀምራል። ቁጥሩ ከአንድ አየር መንገድ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ የሃያ ዓመት ካፒቴን ለቅቆ ሌላ ቦታ ቢቀጠር ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል። ስለዚህ ልጅዎ ነገሩ ባይጥመው እንኳ እንደ ሐኪም ወይም እንደ መሐንዲስ ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት መሄድ አይቀለውም። ዝም የሚልዎ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ እነዚህ ሁለት ዝርዝሮች አንድ መሆን አለባቸው። እቁብ ጥለው የሚያውቁ ከሆነ ይገባዎታል፤ ሁለት እቁቦች በመሃል ይቀላቀሉ ቢባል፣ ተራው ሊደርስ ሁለት ሳምንት የቀረው ሰው የት ይግባ? ትናንት የገባውስ? ለአብራሪዎቹም መንገዱ ብዙ ነው። በተቀጠርንበት ቀን እንደርደር የሚሉ አሉ፤ ይህ ዕድሜ ለጠገበው አየር መንገድ ሰዎች ይበጃል። በአውሮፕላኑ ዓይነትና በወንበሩ ደረጃ ተመዝኖ ከዚያም ከዚህም እየተፈራረቀ ይግባ የሚሉም አሉ፤ ይህ ትልልቅ አውሮፕላን ላለው ያደላል። ሦስተኛው የገዢውን ዝርዝር ሳይነኩ የተገዛውን ከሥሩ መለጠፍ ነው። እኔ እንደማየው ከሦስቱ ግፍ ያለበት ይኸኛው ነው።

ይህ ግፍ የደረሰበት አየር መንገድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አብራሪውን፣ መካኒኩን፣ ሥራ አስኪያጁን የሰጠው ቲ.ደብሊው.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ እስኪሆኑ ድረስ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት የነሱ ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ለሰው አገር አየር መንገድ ያቆሙ ሰዎች የራሳቸው ከስሮ እ.ኤ.አ. በ2001 «አሜሪካን» የሚባለው አየር መንገድ ገዛቸው። ከ2,000 በላይ ከሆኑት አብራሪዎቻቸው ግማሽ ያህሉ ከአሜሪካን የመጨረሻ አብራሪ በታች ተደረጉ። ብዙም ሳይቆይ፣ በእኛ የ1994 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ ያ ጥቃት ደረሰ። መንገደኛ ጠፋ፤ ቅነሳ መጣ፤ የተቀነሰው ከታች ነበር። ረጅም ዘመን ያገለገሉ ካፒቴኖች ልጆቻቸው የሚሆኑ አብራሪዎች ሥራ ላይ እያሉ እነሱ ወደ ቤታቸው ተላኩ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የሰው ድካም እንዲህ በአንድ ወረቀት ሊሰረዝ አይገባም ነበር።

ደግነቱ ያ በደል ሕግ ወለደ። ቲ.ደብሊው.ኤ. በረራዎቹን የሚያገናኝበትን ዋና ማዕከሉን ካደረገባት ከሚዙሪ ግዛት የተመረጡት ሴናተሮች፣ ክሌር መካስኪልና ኪት ቦንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ የጸደቀ ሕግ አመጡ። ሕጉ ዝርዝሮቹ ፍትሐዊ በሆነ መንገድ ይዋሃዱ፣ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ይፍረድ ይላል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ የሠራተኛ ማኅበር ሥር ካሉ ደግሞ የማኅበሩ የራሱ የውህደት ደንብ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን መጨረሻው ገላጋይ ዳኛ ነው። ስለዚህ ልጅዎ እንደዚያ ዘመን ሰዎች ያለ ጠያቂ ከሥር አይለጠፍም።

ዳኛ ስላለ ግን ሁሉም ረክቶ ይገባል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩ.ኤስ. ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት ተዋሃዱ። ጆርጅ ኒኮላው የሚባሉ ገላጋይ ዳኛ በ2007 ዝርዝሩን ሲያወጡ፣ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ነገር ግን በውህደቱ ሰዓት ከሥራ ተቀንሰው የነበሩ የምሥራቁ፣ የዩ.ኤስ. ኤርዌይስ፣ አብራሪዎች፣ ሥራ ላይ ከነበሩት የምዕራቡ፣ የአሜሪካ ዌስት፣ አዲስ ቅጥሮች በታች ሆኑ። ምሥራቆቹ አንቀበልም ብለው በ2008 የነበረውን ማኅበር በድምፅ አስወጥተው አዲስ አቋቋሙ። የአንድ አየር መንገድ አብራሪዎች ሆነው፣ አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ለዓመታት በሁለት ዝርዝርና በሁለት ውል ሠሩ። ነገሩ የተቋጨው ኩባንያው እንደገና ከአሜሪካን ጋር ተዋህዶ በ2016 አዲስ ዝርዝር ሲወጣ ነው። ዴልታና ኖርዝዌስት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲዋሃዱ የጋራ ውል የሚባለውን፣ ለሁለቱም ወገን አብራሪዎች አንድ የሆነውን የሥራ ውል፣ ቀድመው ጨረሱ፤ ዝርዝሩም በገላጋይ ዳኞች በዚያው ዓመት አለቀ። ልጅዎን አንድ ነገር መጠየቅ ከፈለጉ ይህን ይጠይቁት፤ «የጋራ ውሉ ተፈርሟል?» ይበሉት። ተፈርሟል ካለዎ ግማሹ መንገድ አልፏል።

ከካፒቴንነቱ ያወርዱታል ወይ ላሉት፣ በአንድ ጀንበር አይሆንም። በብዙዎቹ የውህደት ስምምነቶች ላይ አዲሱ ዝርዝር ስለወጣ ብቻ ማንም ከያዘው ወንበር አይነሣም የሚል አንቀጽ አለ። አጥር የሚሉትም አለ፤ የተወሰኑ አውሮፕላኖች ወይም መነሻ ከተሞች ለተወሰኑ ዓመታት ለቀድሞ ባለቤቶቻቸው ብቻ ይጠበቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ወንበሩ ሳይሆን መነሻ ከተማው ነው። የተዋሃደ ኩባንያ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ሁለት ማዕከል አያቆይም፤ አንዱን ይዘጋል። ልጅዎ የሚነሳበት ከተማ ከተዘጋ ወይ ቤተሰቡን ይዞ ይዛወራል፣ ወይ ለሥራ በሄደ ቁጥር ሌላ ከተማ ድረስ ተሳፋሪ ሆኖ በርሮ ነው ሥራ የሚጀምረው። ልጆች ካሉት የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢጠይቁት ስለ ሥራው ያልነገረዎትን ይነግርዎ ይሆናል።

ደመወዙ ይቀንስ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ግን ስለ ቤቱ ሲጠይቁ ይህም አብሮ አለ። አነስተኛ አየር መንገድ በትልቅ ሲገዛ የጋራ ውሉ ብዙ ጊዜ ወደ ትልቁ ክፍያ ይጠጋል፤ የትንሹ ኩባንያ አብራሪዎች ጭማሪ ያገኛሉ። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ቪስታራ ወደ ኤር ኢንዲያ ሊገባ ሲል፣ በአዲሱ ውል ለአብራሪዎቹ በወር የተረጋገጠው ክፍያ ከ70 የበረራ ሰዓት ወደ 40 ወርዶ ነበር። ብዙዎቹ ፈቃድ ወጡ፤ አየር መንገዱም በሚያዝያ በርካታ በረራ ሰረዘ።

ከሁሉም የከፋው አለመዋሃድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቦስተን ያሉ የፌዴራል ዳኛ ጄትብሉ ስፒሪትን በ3.8 ቢሊዮን ዶላር እንዳይገዛ ከለከሉ፤ ርካሽ ትኬት የሚፈልገው መንገደኛ ይጎዳል ብለው ነው። ፍርዱ ለመንገደኛው ታስቦ የተሰጠ ነው፤ ስፒሪት ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኪሳራ አሳወቀ፣ በ2025 ደግሞ ደገመው። ከሥራ የተቀነሱት አብራሪዎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ከነሱ ሌላ ቦታ የተቀጠረ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። የልጅዎ አየር መንገድ ገዢ ማግኘቱ ቁጥሩን ከነሕይወቱ አቆይቶለታል።

ቤቱን በተመለከተ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን ያልብሱ። ግድግዳ ጣሪያ ሳይኖረው የአዘዞን ዝናብ ከጠገበ ካፒቴንም ቢልክ የማይሞላ ወጪ ነው። ፊኒሽንጉን ግን ያቆዩት። ሴራሚኩ፣ የቁም ሳጥኑ፣ የግቢው ንጣፍ ዝርዝሩ እስኪወጣ ይጠብቅ። ይህ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሊረዝምም ይችላል። ዩናይትድና ኮንቲኔንታል እ.ኤ.አ. በ2010 ተዋህደው የአብራሪዎቹ የጋራ ዝርዝር የወጣው በ2013 ነው።

ስለ ጥምቀት መልካም ነገር ልንገርዎ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ አብራሪ በፈረንጆቹ ገናና በበጋቸው ወራት ፈቃድ አያገኝም፤ እነዚያን ቀኖች አንጋፋዎቹ ይወስዷቸዋል። ጥር 11 ግን በነሱ የጃንዋሪ አጋማሽ አልፎ ነው፤ በዓላቸው አልቆ መንገደኛ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ነው። ያን ሳምንት የሚሻማው ሰው ጥቂት ነው። ልጅዎ ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ፣ የፈቃድ ምርጫውን ሲሞላ ያን ሳምንት ካስቀደመ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ላይ አጠገብዎ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው። ለገናችን ግን አይጠብቁት፤ ያኔ የፈረንጆቹ መንገደኛ ገና ወደ ቤቱ ተመልሶ አላለቀም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ፋሲል ግንብ አስጎብኚ ነኝ። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ሜምፊስ ነው። ድሮ ከከተማዋ የሚነሳ በረራ ብዙ ነበር ትላለች፤ አሁን ጠፍቷል፣ ትኬቱም ተወዷል። ለመምጣት ትኬት ከቆረጠች በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው በረራ ቁጥርና ሰዓት ተቀየረ የሚል መልእክት ደረሳት። ትኬቷ ይሠራል? ማይሏስ? (ታናሽ ወንድምዎ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እህትህ እውነቷን ነው። ሜምፊስ የኖርዝዌስት ማዕከል ነበረች። ዴልታ ኖርዝዌስትን ሲጠቀልል ትልቁ ማዕከሉ አትላንታ እዚያው ቅርብ ስለነበር ሜምፊስን ቀስ በቀስ አመነመናት፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ማዕከልነቷን በይፋ ዘጋ። ሴንት ሉዊስም ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተሸጠ በኋላ በ2003 ከበረራዋ ግማሽ ያህሉን አጥታለች። ውህደት ሲታወጅ «አንድም ከተማ አንተውም» ይባላል፤ ተሳፋሪው ግን የሚያየው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ያለውን ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሆነው ይፎካከሩ የነበሩ አንድ ከሆኑ ዋጋው እንዲወጣ መንገድ ይከፈታል። መንግሥት ይህን ያውቃል፤ አሜሪካንና ዩ.ኤስ. ኤርዌይስ በ2013 ሲዋሃዱ ዋሽንግተን ሬገንና ኒውዮርክ ላጓርዲያ ላይ የነበራቸውን የመነሻና የማረፊያ ሰዓት ከፊሉን ለርካሽ አየር መንገዶች እንዲለቁ አስገድዷቸዋል።

ወደ ትኬቷ ስንመጣ፣ ይሠራል። አየር መንገድ ሲዋሃድ ገዢው የተሸጡትን ትኬቶች ይረከባል። ቪስታራ ወደ ኤር ኢንዲያ ሲገባ ለሕክምና ሕንድ የሚመላለሱ ሰዎች እንዲህ ተደናግጠው ነበር፤ የበረራው ፊደልና ቁጥር ተቀየረ እንጂ ትኬቱ አልወደቀም። አንተ ግን ደረሰኙን አስልካትና የትኬት ቁጥር የሚለውን ፈልግ። ስድስት ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት የቦታ ማስያዣው ኮድ ነው፤ እሱን ተወው። የትኬት ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትኬቱን ያወጣው ማን እንደሆነ ይናገራሉ፤ 071 ከሆነ የኢትዮጵያ፣ 016 የዩናይትድ፣ 006 የዴልታ ነው። በረራ ሲቀየር መጀመሪያ የምትደውለው ለዚያ አየር መንገድ ነው።

ከሜምፊስ እስከ ጎንደር ሙሉ ጉዞው በአንድ ትኬት ላይ መሆኑን አረጋግጥ። የቦሌ ጎንደሩ ለብቻው ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው በረራ ሰዓቱ ተቀይሮ ቦሌ ብትዘገይ፣ የአገር ውስጡ የሚያውቃት እንደቀረች መንገደኛ ነው፤ ለሷ ቦታ የመፈለግ ግዴታ የለበትም። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን እስከ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የማድረሱ ኃላፊነት የነሱ ነው። ልዩነቱ ጥቂት መቶ ብር ቢሆንም ባይሆንም እኔ ለደንበኞቼ ለይቼ ቆርጬ መስጠት አልወድም ነበር። ለውጡ በጣም ከራቀ ደግሞ፣ ከአሜሪካ በሚነሳ ዓለም አቀፍ ጉዞ የመነሻ ሰዓቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከቀደመ ወይም የመድረሻ ሰዓቱ ያን ያህል ከዘገየና እሷ አዲሱን ካልተቀበለች፣ ገንዘቧ ተመላሽ ሊሆን ይገባል። ዝም ብላ «እሺ» የሚለውን እንዳትጫን ንገራት።

ሁለቱ ኩባንያዎች የኮምፒውተር ሥርዓታቸውን የሚያገናኙበት ቀን ታውቆ ከሆነ በዚያ ሳምንት ባትጓዝ ይሻላል። ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ይህን ሲያደርግ ሰልፉና መዘግየቱ ቀናት ወስዷል።

ማይሉ፣ ማለትም በበረራ የምትሰበስበው ነጥብ፣ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲሱ ሒሳብ ይዛወራል። አላስካ ሃዋይያንን በ2024 ሲገዛ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የማይሉን ዋጋ እንዲጠብቅ ቃል አስገብቶታል። የምትሰበስበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የነጥብ ሒሳብ በሆነው ሸባ ማይልስ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ። ውህደት አየር መንገዱን ከአንድ ጥምረት፣ አባላቱ አንዱ የሌላውን ማይል ከሚቀበሉበት ቡድን፣ ወደ ሌላ ሊወስደው ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው ጥምረት አባል ነው። ዩ.ኤስ. ኤርዌይስም አባል ነበር፤ ከአሜሪካን ጋር ሲዋሃድ በ2014 ወጣ። ስካንዲኔቪያኑ ኤስ.ኤ.ኤስ.ም ኤር ፍራንስ-ኬ.ኤል.ኤም. ድርሻ ሲገዛበት በ2024 ወጥቷል፤ ስቶክሆልም ያላችሁ ዘመዶቻችንም ይህን ልብ በሉ። ከመውጫው ቀን በፊት የተጓዙበትን አስመዝግቡ፤ የመሳፈሪያ ወረቀቱን አትጣሉ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ። የእኛ አየር መንገድ ከሌሎች የአፍሪካ አየር መንገዶች ጋር ሊዋሃድ ይችላል? ከተዋሃደስ ለእኔ ምን ማለት ነው? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ልጄ፣ እንደ አሜሪካኖቹ ያለ ውህደት በአገሮች መካከል ከባድ ነው። አንድ አየር መንገድ ወደ ሌላ አገር የመብረር መብቱን የሚያገኘው በመንግሥታት ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቶቹ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የአየር መንገዱ የራሱ አገር ሰው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ነው ኤር ፍራንስና ኬ.ኤል.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ ኩባንያ ሥር ቢገቡም እስከ ዛሬ በሁለት ስምና በሁለት ባንዲራ የሚበሩት፤ አብራሪዎቻቸውም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። የእኛውም የሚያደርገው ድርሻ መግዛት ነው፤ መቀመጫው ሎሜ በሆነው አስካይ፣ በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ ኤርዌይስ 45 በመቶ። የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ ተስፋው ይህ የባለቤትነት አጥር እንዲላላ ነበር፤ እኔም ከልቤ እመኘዋለሁ፣ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ለአንቺ አሁን የሚያስፈልግሽ ሒሳብና ፊዚክስ እንዲሁም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። ነገ ለማንኛውም አየር መንገድ ፈርመሽ ስትገቢ፣ የሥልጠና ወጪሽን የሚሸፍን ድርጅት ብዙ ጊዜ በምላሹ የአገልግሎት ዓመታት ያስፈርምሻል። ከመፈረምሽ በፊት ኩባንያው ቢሸጥ ወይም ቢዋሃድ ግዴታሽ ለማን እንደሚተላለፍ፣ የቅጥር ቀንሽም ይቆጠርልሽ እንደሆነ የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። ካልተጻፈ ይጻፍልኝ በይ።